ባህር የሌላት ደንዲ፣ የባህር አረም ኪኒን እና የእናቶቻችን ዓይን

ዛሬ ከሰሞኑ ፖለቲካ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ዓይን እናወራለን። ወጣ አልን እንጂ ብዙም አልራቅንም፤ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ተመልሶ መንገድ፣ በጀትና አስተዳደር ላይ ነው የሚያርፈው።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ገጾች የምትከታተሉ ሰዎች፣ ከባህር አረም ተሠሩ ስለሚባሉ እንክብሎችና ዱቄቶች ሳታዩ አትቀሩም። ለቆዳ ይሆናሉ፣ ለፀጉር ይሆናሉ፣ ለመገጣጠሚያ ይሆናሉ፣ ለዓይንም ይሆናሉ ይባላል። ስለ ዓይን ሲሆን ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። ለዘብ ያለው የዓይን ሞራን ይከላከላል ይላል። ደፈር ያለው ደግሞ የያዘውን ሞራ ያለ ቀዶ ሕክምና ያጠፋል ይላል። ሁለቱም የሚጠሩት ቃል አንድ ነው፤ አንቲኦክሲዳንት።

ይህን ኪኒን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ አይደለም። እንዲህ አስቡት። እናት ደንዲ ወረዳ፣ ከጊንጪ ራቅ ብላ ባለች ገጠር ይኖራሉ። ልጅ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ነው። ሲደውል «ዓይኔ ጉም ለብሷል፣ ሰው በድምፁ ነው የምለየው» ይሉታል። ሄዶ ሐኪም ጋ ሊያደርሳቸው ጊዜ የለውም፤ ኪኒን መላክ ግን ይችላል። ይልካል። ልቡም ያርፋል። እናትም «ልጄ መድኃኒት ልኮልኛል» ብለው ይጠብቃሉ።

ለመሆኑ የሚጠብቁት ምንድን ነው? ኪኒኑ ይሠራል ወይ? ካልሠራስ መሥራት የነበረበት ማን ነው? እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ሞራው የት ነው ያለው?

መጀመሪያ ከስሙ እንነሳ። በአማርኛ ሕመሙን የዓይን ሞራ ግርዶሽ እንለዋለን። ሞራ ስንል ከታረደ በግ ጨጓራ ላይ የሚወጣው ያ ነጭ ስብ ነው ትዝ የሚለን። ስለዚህ ብዙ ሰው ዓይን ላይ የተለጠፈ ነገር፣ ሊታጠብ ወይም ሊገፈፍ የሚችል ሽፋን ይመስለዋል። አንዳንዱ ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ የሚያንጠባጥበውም ከዚህ እሳቤ ተነስቶ ነው።

እውነታው ሌላ ነው። ሞራው ዓይን ላይ አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ነው። ከጥቁሩ የዓይን ብሌን ጀርባ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ብርሃንን ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው እሱ ነው። ይህ ሌንስ ከውሃና ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የደም ሥር የለውም። የሚገርመው፣ መሐል ላይ ያለው ፕሮቲን ገና በማህፀን ሳለን የተሠራ ሲሆን ዕድሜ ልካችንን አይቀየርም። ቆዳ ይታደሳል፣ ፀጉር ይበቅላል፣ የሌንሱ መሐል ግን ያው እንደተፈጠረ ይኖራል።

ፀሐይ፣ ዕድሜ፣ ጭስ፣ ስኳር በሽታ ይህን ፕሮቲን ቀስ እያሉ ይጎዱታል። የጉዳቱ አንዱ መንገድ ኦክሲዴሽን ይባላል፤ ብረት ሲዝግ ከምናየው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። የተጎዳው ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይረጋል፣ ብርሃን ማሳለፍ ያቆማል። የእንቁላልን ነጭ ክፍል አስቡት። ጥሬው ጥርት ያለ ነው፤ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ነጭ ይሆናል። የተጠበሰን እንቁላል ወደ ጥሬነቱ የመለሰ ሰው የለም። አንዴ የጠና ሞራን በጠብታም ሆነ በኪኒን ማጥራት ያልተቻለውም ለዚህ ነው።

የባህር አረሙ ነገር ከየት መጣ?

ወሬው ከባዶ የተነሳ አይደለም። ቡናማ ቀለም ያላቸው የባህር አረሞች፣ ለምሳሌ ጃፓኖች ሾርባ ውስጥ የሚጨምሩት ዋካሜ፣ ፉኮዛንቲን የሚባል ቀለም አላቸው። አስታዛንቲን የሚባል ሌላ ቀለም ደግሞ በጨው አልባ ውሃ ከሚኖር ደቃቅ አልጌ ይወጣል፤ የሳልመን ዓሣን ሥጋ ሮዝ የሚያደርገው ይኸው የቀለም ዓይነት ነው። ሁለቱም ኦክሲዴሽንን የመከላከል አቅም አላቸው። ተመራማሪዎች ሴሌናይት በሚባል ኬሚካል የአይጥ ግልገሎች ዓይን ላይ ሞራ እንዲወጣ ያደርጉና እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ሲሰጧቸው ጉዳቱ ቀንሶ የታየባቸው ሙከራዎች አሉ።

ነጋዴው እዚህ ላይ ያቆማል። እኛ ግን እንቀጥል። የአይጧ ሞራ በኬሚካል በጥቂት ቀናት ውስጥ የወጣ ነው። የእናታችን ሞራ በ60 ዓመት ፀሐይና ጭስ የመጣ ነው። አይጧ ላይ የሠራ ነገር ሰው ላይ መሥራቱ የሚታወቀው በሰው ላይ ሲሞከር ብቻ ነው።

በሰው ላይ የተሞከሩት ሌሎች አንቲኦክሲዳንቶች ናቸው፤ ውጤታቸውም ተስፋ የተደረገውን ያህል አልሆነም። አሜሪካ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ቤታካሮቲን ሰጥቶ ሞራን ሲያስቀር አላየም። በ2013 የወጣው ተከታዩ ጥናት ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉትን የቅጠል ቀለሞች ሞከረ፤ በጥቅሉ ሲታይ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ቁጥር አልቀነሰም። በ2012 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም ከ117 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 9 ሙከራዎች አንድ ላይ መረመረ። እነዚህ ቫይታሚኖች ሞራን እንደሚከላከሉ ወይም እንደሚያዘገዩ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

የባህር አረም ቅመም ደግሞ እዚህ ደረጃ እንኳ አልደረሰም። በዚህ መጠን በሰው ላይ ተፈትኖ ሞራን መከላከሉ አልተረጋገጠም። የያዘን ሞራ ማጥፋትማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ነገር ግን አንድ ሐቅ አለ

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሁሉም ሙከራ ባዶ እጁን አልተመለሰም። ቻይና ውስጥ ሊንሺያን በተባለ፣ ሕዝቡ በምግብ እጥረት በተጎዳ ገጠር የተካሄደና በ1993 የታተመ ጥናት አለ። ከ65 እስከ 74 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ፣ የተለያዩ ቫይታሚኖችና ማዕድናት አንድ ላይ የተሰጣቸው ቡድን የሌንስ መሐል ሞራው 36 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በ2013ቱ የአሜሪካ ጥናትም ቢሆን፣ ከምግባቸው በጣም ጥቂት ሉቲን ያገኙ የነበሩት ሰዎች ለብቻቸው ሲታዩ ጥቅም ያገኙ መስለዋል።

ይህ ምን ይነግረናል? ገበታው የተሟላለት ሰው ላይ ኪኒን መጨመር ብዙም ለውጥ አያመጣም። ገበታው የጎደለበት ሰው ግን ጉድለቱ ሲሞላለት ዓይኑም ሊጠቀም ይችላል። ሉቲን ለማግኘት ደግሞ ባህር መሻገር አያስፈልግም። ጓሯችን ያለው ጎመን ሉቲን አለው። እንቁላልም አለው። የደንዲ ገበሬ ሚስት እንቁላሉን ሰብስባ ገበያ ወስዳ ሸጣ ጨውና ሳሙና ስትገዛ፣ ልጇ በዚያው ብር ላይ ብዙ እጥፍ ጨምሮ የባህር አረም ይልክላታል። ነገሩን ልብ በሉልን።

ይህም ቢሆን ስለ መከላከል ነው። ሞራው ከያዘ በኋላ ጎመንም እንቁላልም አይመልሰውም።

አገራችን ባህር ባይኖራትም አልጌ አጥታ አታውቅም። የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅና በስምጥ ሸለቆ ያለው የጪቱ ሐይቅ ውሃቸው አረንጓዴ የሚሆነው ስፒሩሊና ተብሎ በሚታወቀው ደቃቅ ተክል መሰል ፍጥረት ነው። በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ተመራማሪዎችም እንደ ምግብ ያጠኑታል። ምግብ መሆን ግን የዓይን መድኃኒት መሆን አይደለም። ነገ የአገር ውስጥ ስፒሩሊና «ሞራ ያጠፋል» ተብሎ ቢመጣባችሁ መልሱ ያው ነው።

«ባይጠቅምም አይጎዳ»?

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ይጎዳል። በሦስት መንገድ።

አንደኛ፣ አንዳንድ የባህር አረም በጣም ብዙ አዮዲን አለው። ደጋው አካባቢ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ለረጅም ጊዜ አዮዲን አጥቶ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲወስድ የእንቅርት ዕጢው ከልክ በላይ መሥራት ሊጀምር ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ ክብደት ይቀንሳል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ዓይነት የባህር አረም ደግሞ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይገኝበታል።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ። ለእንክብሉ የወጣው ብር ለመጓጓዣና ለሕክምና ሊሆን ይችል ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ጊዜው ነው። ሞራ ሳይታከም በጣም ሲበስል ዓይን ውስጥ ሊፈስ፣ ግፊት ሊጨምርና የዓይንን ነርቭ ሊገድል ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪም ቢገኝም ብርሃኑ አይመለስም። በዚያ ላይ ዓይን የሚያፈዝ ሁሉ ሞራ አይደለም። ግላኮማም ሳያም ሳያቃጥል ቀስ ብሎ ያሳውራል፤ የወሰደውንም አይመልስም። እቤት ተቀምጦ ሞራ ነው ብሎ ኪኒን እየዋጡ መጠበቅ ማለት የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ መጠበቅ ማለት ነው።

ግማሹ ዓይነ ስውርነት ሊመለስ የሚችል ነው

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ ሲለይ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶ፣ የዓይን ሞራ ነው። ትራኮማ በ11.5 በመቶ ይከተላል። ጥናቱ ቆይቷል፤ ሞራ በዓለምም ሆነ በአገራችን ዋናው የዓይነ ስውርነት ምክንያት መሆኑ ግን ዛሬም አልተቀየረም።

በሌላ አነጋገር፣ በትር ይዘው ወይም በልጅ ተመርተው ከምናያቸው ሰዎች ብዙዎቹ ማየት የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ያልደረሳቸው ሐኪም ብቻ ነው። የሚመራቸውን ልጅም አንርሳ። አያቱን ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ለቅሶ የሚያደርሰው ያ ልጅ ትምህርት ቤት መሆን ነበረበት። አንድ ሞራ ሁለት ሰው ነው የሚያስቀረው።

ሕክምናው ደግሞ የታወቀ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ልምድ ባለው ሐኪም እጅ ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ዓይኑ ብቻ ይደነዝዛል እንጂ ሰውየው አይተኛም። በአንድ ወቅት ሌንሱ ራሱ የድሃ አገር አቅም አልነበረም። ሕንድ ውስጥ ከአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ጋር የተያያዘው አውሮላብ በ1992 ማምረት ሲጀምር ወደ 100 ዶላር ይጠጋ የነበረው ዋጋ ወደ ጥቂት ዶላር ወረደ። ኔፓላዊው ዶክተር ሳንዱክ ሩይትም ያለ ስፌት፣ ያለ ውድ ማሽን የሚሠራበትን ዘዴ በየገጠሩ አስፋፋ። ባልደረባው አሜሪካዊው ዶክተር ጄፍሪ ታቢን ይህንኑ ይዞ ኢትዮጵያም መጥቷል፤ መቀሌ አጠገብ በኲሓ ሆስፒታል በተደረጉ ዘመቻዎች ብዙ ሰው ብርሃኑ ተመልሶለታል። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ቡታጅራ ግራርቤት የዓይን ሕክምና የሚሰጡ ስመ ጥር ሆስፒታሎች ናቸው።

ታዲያ ደንዲ ላይ ምን ጎደለ?

ጊንጪ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አምቦ ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ቅርብ ናት። በካርታ ሲታይ ደንዲ ሩቅ አገር አይደለችም። ዓይኑ ለማያይ ሰው ግን ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም። ከቀበሌ አስፋልት ድረስ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የእርሻ ወይም የአጨዳ ሥራውን ይተዋል። የሁለት ሰው መጓጓዣ፣ የሁለት ሰው ማደሪያ፣ የሁለት ሰው ምግብ አለ። ከዚያ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። በዚያ ላይ ባለፉት ዓመታት ምዕራብ ሸዋን ያስጨነቀው የጸጥታ ችግር ተጨመረበት። ጤነኛ ሰው መንገድ ለመውጣት በሚያስብበት ጊዜ ዓይነ ስውር እናትን ማን ይዞ ይወጣል?

ሴቶች ላይ ደግሞ ይከፋል። በብዙ አገሮች እንደታየው ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በሞራ ይጠቃሉ፤ ቀዶ ሕክምናው ግን ወንዶችን ያህል አይደርሳቸውም። ምክንያቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም። አባት ዓይናቸው ሲጠፋ በሬው ይቆማል፣ ቤተሰብ ይንቀሳቀሳል። እናት ሲሆኑ «እርጅና ነው» ይባላል። እሳቸውም ራሳቸው «ለኔ ገንዘብ አታባክኑ» ይላሉ።

የኪኒኑ ገበያ የሚደራው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ነጋዴው ሳይንስ ስላለው አይደለም ያሸነፈው፤ ቤት ድረስ ስለሚመጣ ነው። የጤና ሥርዓቱ ቤት ድረስ ቢመጣ ኖሮ ማን የባህር አረም ይገዛል?

የዘመቻ ሕክምናዎች መልካም ናቸው፤ እናመሰግናለን። ግን ዘመቻ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሞራ በየዓመቱ አዲስ ሰው ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባዔ አንድ ግብ አጽድቋል፤ በ2030 ጥሩ ውጤት ያለው የሞራ ቀዶ ሕክምና ተደራሽነት በ30 የመቶኛ ነጥብ እንዲጨምር። ከቁጥሩ ይልቅ «ጥሩ ውጤት ያለው» የምትለዋ ሐረግ ናት ዋናዋ። ስንት ዓይን ተቀደደ ሳይሆን ስንት ሰው አየ ነው ጥያቄው።

ስለዚህ የዞኑና የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤቶች ለሕዝብ ሊመልሷቸው የሚገቡ ቀላል ጥያቄዎች አሉ። በየቀበሌው በሞራ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ተመዝግበዋል ወይ? ባለፈው ዓመት ስንቱ ታከሙ? ከነሱ ውስጥ ሴቶቹ ስንት ናቸው? ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይናቸው ተለክቷል ወይ? የሚያጓጉዛቸው መኪና ማን ይመድባል? እንዲሁም በአዋጅ 1112/2011 ምግብና መድኃኒትን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ባለሥልጣን፣ በቴሌግራም «ሞራ ያጠፋል» እየተባለ ሲሸጥ የት ነው ያለው?

መከላከል ከተባለ ግን

መከላከል አይቻልም እያልን አይደለም። ከባህር አረም የተሻሉ ነገሮች እጃችን ላይ አሉ።

ፀሐይ፦ ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጊንጪና አምቦ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ 838 ዓሣ አጥማጆችን ያጠናና በ1988 የታተመ ጥናት ብዙ ፀሐይ የመታቸው ይበልጥ ለአንድ ዓይነት ሞራ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። እርሻ ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ማድረግ ቀልድ አይደለም፤ ለእረኛ ልጆችም ጭምር።

ጭስ፦ በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ የሚያበስሉ ሴቶች ላይ ሞራ እንደሚበዛ ከሕንድና ከኔፓል የወጡ ጥናቶች ያሳያሉ። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለሳንባም ለዓይንም ነው። ሲጋራም ያው ጭስ ነው።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ጠብታ፦ ይህን አስምሩበት። ዓይን ሲያሳክክ ከፋርማሲ ተገዝተው ለወራት የሚንጠባጠቡ እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ራሳቸው ሞራና ግላኮማ ያመጣሉ። በተለይ ለልጆች።

ስኳር በሽታ፦ ያለበት ሰው ስኳሩን ይቆጣጠር፤ ዓይኑንም በየዓመቱ ይታይ።

ጉዳት፦ እንጨት ሲፈለጥ የሚፈናጠር ስባሪ፣ እሾህ፣ የልጆች ጅራፍ። ዓይን ከተመታ በልጅነትም ሞራ ይወጣል። የሕፃን ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ፤ የካንሰር ምልክትም ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ለላኪው ልጅ። ክፉ አላሰብክም፤ እናትህን ነው ያሰብከው። ግን ኪኒኑን ከመላክህ በፊት አንድ ስልክ ደውል። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደውልና እናትህን እንድታይልህ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትልክልህ ጠይቅ። ለጎረቤት ልጅ የመጓጓዣውን ብር ላክና እሱ ይዟቸው ይሂድ። ሐኪም አይቶ «ሞራ ነው» ካለ መፍትሔው ይታወቃል።

ፋሻው በማግስቱ ሲነሳ እናትህ መጀመሪያ የሚያዩት የጎረቤቱን ልጅ ፊት ይሆናል። ያንተን ደግሞ ስትሄድ ያዩታል።

ወላጆቹ ገጠር ላሉ ሰው ሁሉ አጋሩልን። ደንዲ፣ አምቦና አካባቢው ያላችሁ ተከታታዮቻችን ደግሞ የዓይን ሕክምና ለማግኘት ምን እንደገጠማችሁ ጻፉልን፤ ጥያቄዎቹን ይዘን ወደሚመለከተው አካል እንሄዳለን።